ምርቱ ላይ እንዳይነጥብ

የጀመረኝ አውድማ ላይ ነው። አገሬ ጋዝጊብላ ገብስ የምንወቃበት የታኅሣሥ ወር ነበር፤ ነፋሱ ደረቅ፣ ብናኙ አፍንጫ የሚሞላ። መንሹን ይዤ ገለባውን ለነፋስ ስሰጥ ከንፈሬ ላይ ሞቅ አለኝ። ላብ መሰለኝ። በእጄ ጀርባ ስጠርገው ቀይ ነው።

ነስር ለእኔ አዲስ አይደለም። በልጅነቴ ፀሐይ ሲመታኝ ይነስረኝ ነበር፤ አናቴ ላይ ውኃ ያፈሱብኛል፣ ይቆማል። ያን ቀን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ አውድማ ጫማ ተወልቆ የሚገባበት ቦታ ነው። ምርት ላይ ደም ከነጠበ በረከቱ ይሸሻል ብለን እንፈራለን። ወጥቼ መቀመጥ እችል ነበር። ግን ነፋሱ ጥሩ ነበር፤ ወንፈል የመጡልኝን ጎረቤቶች ሥራ ማስፈታት አፈርሁ። ራሴን ወደ ኋላ ቀና አድርጌ ቆምሁ። ደሙ በጉሮሮዬ ወረደ። ዋጥሁት። ደግሞ ዋጥሁት።

ጎረቤቴ ሞላ ነገር አያልፈውም። «አያ ካሳ፣ በታኅሣሥ ዝናብ ይጠብቃሉ እንዴ? ሰማዩን ይተዉትና መንሹን ያንሱ!» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም አፌን ዘግቼ ሳቅሁ።

ቆመልኝ ስል ይመለሳል፤ ሲመለስ ቀና እላለሁ። እንዲህ ስል ቀትር ሆነ። ሊያስመልሰኝ መጣ። ከአውድማው ወጥቼ ካቡ ሥር ተንበረከክሁ። አስመለሰኝ። ጥቁር ነበር። እንደ ጉበት የረጋ። ብዙ ነበር። እግሬ ከዳኝ።

ባለቤቴ ታደሉ ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋታል። በኽምጥኛ ጮኸች። አንዱ «ጉበቱ ተቆርጦ ወጣ» አለ። እኔም አመንሁ። ዓረብ አገር ያለችው ልጄ ታወሰችኝ። አባትሽ ሞተ ብለው በስልክ ሊነግሯት ነው አልሁ።

በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ አወረዱኝ፤ ከዚያ በመኪና ወደ ሰቆጣ። መንገዱን ሁሉ በጀርባዬ ተኝቼ ነበር። ደሙ አልቆመም። ዋጥሁ። ጆሮዬ ጮኸ። እጄ ቀዘቀዘ። ታደሉ መዳፌን ይዛ ትጸልያለች።

ሆስፒታል ያገኘሁት ሐኪም ወጣት ነው። በባትሪ ጉሮሮዬን አየ፣ ሆዴን ዳሰሰ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው አስነገረኝ።

«አባቴ፣ ይህ ደም ከሆድዎ አይደለም። ከአፍንጫዎ ወርዶ የዋጡት ነው። ለምን ዋጡት?»

«ምርቱ ላይ እንዳይነጥብ ብዬ።»

አልሳቀብኝም። ቀና አድርጎ አስቀመጠኝና ወደ ፊት አስጎነበሰኝ። ክንዴን አስሮ ግፊቴን ለካ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«የግፊት ኪኒን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ» አልሁ።

«ውሸት ነው!» አለች ታደሉ። «የገና ጾም ከገባ ጀምሮ ጠዋት ምንም አልቀምስም ብለው ትተውታል። ማታ ይውሰዱ ስላቸው ረሳሁት ይላሉ። አንቱ ሰው፣ ለሐኪምም ይዋሻሉ?»

አንገቴን ደፋሁ። ሐኪሙ ግፊት ብቻውን ነስር ላያመጣ ይችላል፣ ከጀመረ በኋላ ግን አልቆም እንዲል ያደርገዋል አለኝ። አፍንጫዬን በጣቱ ቢይዘውም ደሙ ስላልቆመ ውስጡ ጎዝ የሚሉትን ስስ ፋሻ ጠቀጠቀ። ያማል። አየር ያጣሁ መሰለኝ። በአፍዎ ይተንፍሱ አለኝ። በአፌ ተነፈስሁ። ቆመ።

ጎዙ ሁለት ቀን ቆይቶ ወጣ። አንዲት ሲስተር ከመውጣቴ በፊት አጠገቤ ተቀምጣ አስተማረችኝ፤ ሲነስርዎ ቁጭ ብለው ወደ ፊት ያጎንብሱ፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳውን አፍንጫ በሁለት ጣት ጥብቅ አድርገው ይያዙ፣ አፍዎ የገባውን ይትፉ፣ እስከ ሩብ ሰዓት ድረስ ቆመ ወይ ብለው ለማየት አይልቀቁ አለችኝ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ሰዓትም የለኝም። ይህን ስነግራት አባታችን ሆይን ከእመቤቴ ማርያም ሆይ ጋር ቀስ ብዬ እንድደግም አደረገችኝና በሰዓቷ ለካችው፤ ሩብ ሰዓቱ አሥራ አምስት ጊዜ ሆነ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላም ፍርሃቱ ቶሎ አልለቀቀኝም። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው ትራሴን ነበር፤ ጫማዬን ለማሰር ሳጎነብስ ልቤ ይመታል፤ ንፍጥ በወረደኝ ቁጥር በጣቴ ነክቼ መልኩን አያለሁ። የንስሐ አባቴ መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለው ስለገሠጹኝ ኪኒኔን ጠዋት ጠዋት ታደሉ ፊት እውጣለሁ። አፍንጫዬን በጣቴ አልጎረጉርም፣ በበጋ ቫዝሊን ውስጡን በስሱ እቀባለሁ፣ አውድማ ስሄድ በነጠላዬ ጫፍ እሸፍነዋለሁ። ሩብ ሰዓት ሁለት ጊዜ ተይዞ ያልቆመ ነስር ግን የቤት ነገር አይደለም፤ እንደ እኔ ቀትር አትጠብቁ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ያን ሐኪም፣ ያችን ሲስተር፣ ቃሬዛውን የተሸከሙትን ጎረቤቶቼን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የታደሉን ውለታ ግን እኔ ከፍዬ አልጨርሰውም።

ዘንድሮ በውቂያው መካከል ከንፈሬ ላይ ያ ሙቀት መጣ። መንሹን ጣልሁና አፍንጫዬን ይዤ ወጣሁ፤ ዳር ያኖርሁትን ጫማ እግሬ ላይ አጠለቅሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አጎነበስሁ።

«አያ ካሳ፣ ዛሬ ደግሞ መሬት መሬት ያያሉ፤ ምን ጠፋብዎ?» አለ ሞላ።

በሌላው እጄ ጠብቅ አልሁትና በጣቶቼ አንጓ እየቆጠርሁ ጸሎቱን ደገምሁ። ሰባተኛው ላይ ልለቅ ቃጣኝ። አልለቀቅሁም። አሥራ አምስተኛውን ስጨርስ ቀስ ብዬ ለቀቅሁ።

አልወረደም። እግሬ ሥር የነጠበውን አፈር አለበስሁት፣ ጫማዬን አውልቄ ወደ ምርቱ ተመለስሁ።