የኦቦ ገመቹ ጆሮ

ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ነቀምት አጎቴ ወፍጮ ቤት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ብረት ተሰበረ። አጎቴ «ሌላ ፈልግ፤ የምታመጣው ከተሰበረ ግን አንተም ወደ መጣህበት ነህ» አለኝ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ኦቦ ገመቹ ጋ ላከኝ። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ የሚለዩት እሳቸው ናቸው ተባልኩ።

ኦቦ ገመቹ ያገለገለ ብረት የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ለዓይን እንከን የማይወጣላቸው ሁለት ዘንጎች በገመድ አንጠለጠሉ። አንዱን በመዶሻ መታ አድርገው ትኩር ብለው አዩኝና «ዸጋኢ!» አሉኝ።

የእኔ ኦሮምኛ የወፍጮ ቤት ነው፤ ድንጋይ «ዸጋ» እንደሚባል አሳምሬ አውቃለሁ። ሮጥ ብዬ ድንጋይ አመጣሁላቸው። ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና መቱና «ዸጋኢ!» አሉ። አነሰባቸው ብዬ በስንት መከራ ትልቁን ታቅፌ መጣሁ።

«የት ላስቀምጠው ኦቦ?» መልስ የለም።

ጎረቤት ቀለም የምትሸጠው ሴት በሳቅ ፍርስ አለች። «ኧረ ስማ ነው ያሉህ!»

አፍሬ ድንጋዬን አወረድኩና ሁለቱንም በየተራ ሲመቷቸው ሰማሁ። አንደኛው ዘንግ እንደ ደወል ጮኸ። ሁለተኛው ግን የተሰነጠቀ ገንቦ ድምፅ አወጣ። ገና አፌን ሳልከፍት ኦቦ ገመቹ «ይኼ ስንጥቅ አለው፤ ያንን ውሰድ» አሉኝ።

«ምን ዓይነት ጆሮ ነው ኦቦ!» አልኩ ተደንቄ። አሁንም ዝም።

«አይሰሙህም» አለችኝ ሴትየዋ። «ከደነቆሩ ስንት ዓመታቸው! እሳቸው የሚያዩት የገዢውን ፊት ነው።»