አመድ ውስጥ ያረፈው ቢላ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከመኪና ሞላ የቀጠቀጠውን ቢላ አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ጠቅ አለ። እኔ ጓሮ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ጆሮዬ እንደ ድሮው አይሰማም፤ ይህችን ድምፅ ግን አልስታትም። ብረት ሲሰነጠቅ ነው።

ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ናዝሬት የባቡር ጣቢያና ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ብቻ ሳለች፣ ያቺ ድምፅ ቤቴን ልታፈርሰው ነበር። ባለቤቴ ወልዴ ቀጥቃጭ ነው። እሱን በማግባቴ ወላጆቼ ፊታቸውን አዙረውብኝ ስለነበር የምመለስበት ቤት የለኝም። ወልዴ አገር ቤት የለመደው ለስላሳ ብረት ነው፤ ተቀጥቅጦ፣ ግሎ፣ በቀጥታ ወደ ውሃ። እዚህ ያገኘው የባቡር ሞላ ግን እልኸኛ ሆነበት። ቀጥቅጦ አሳምሮት ውሃ ሲያስነካው ይሰነጠቃል።

«እነዚህም ከተሰነጠቁ ወናፉን ሸጬ ጣቢያው ላይ ጆንያ እሸከማለሁ» አለኝ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቢላዎች እሳት ውስጥ እያገላበጠ። እንደሱ ያለ እጅ ለጆንያ ሊሆን ነው ብዬ አንጀቴን በላኝ።

ነሐሴ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ብቻ። እኔ ወናፉን እየነፋሁ ፍሙ ዳር እሸት በቆሎ እጠብሳለሁ። ቢላዎቹ ቀልተው ውሃ ሊነኩ ሲሉ፣ ለልጃቸው ሰርግ ማረጃ ቢላ ያዘዙ ኦቦ ከድር የሚባሉ የአርሲ ሽማግሌ ደረሱ። ደንበኛ እኛ ቤት ከደጅ አያልፍም ነበር፤ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላላ። እሳቸው ግን በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ገቡና ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«አካም ጅርቱ? ያቺ በቆሎ የማን ናት?» አሉኝ።

«የእርስዎ ናት፣ አባባ።»

«ቢላው ገና ነው» አለ ወልዴ እያፈረ።

«ይደርሳል። እኔም ገና አልበላሁ።»

ወልዴ እንግዳ ተቀምጦለት አያውቅም። የቀሉትን ቢላዎች ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበራቸውና ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ። ስለ ላሞቻቸው፣ ስለ ዝዋይ መንገድ፣ ስለ ሙሽራዋ አወጉት። ባሌ ሲስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ዝናቡም መልሶ ወረደና አቆያቸው።

ሲያባራ ቢላዎቹን ብናወጣቸው በእጅ እስኪያዙ ድረስ በርደዋል። ወልዴ እንደገና አግሎ ውሃ ሲያስነካቸው ዓይኔን ጨፈንኩ። ውሃው ቺስ አለ፤ ሌላ ድምፅ የለም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ጠርዛቸውን ወደ ብርሃን አዙሮ ደጋግሞ አያቸው።

«ለካ እንዲህ ቀስ ብሎ በርዶ የመዶሻው ዱላ ሳይወጣለት ነበር ውሃ ውስጥ የምንነክረው» አለኝ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ወዲያ አመድ ውስጥ ያላሳረፈውን ብረት ውሃ አስነክቶ አያውቅም። ልጆቻችንን ያሳደግነው በዚያ ነው። ኦቦ ከድርን ነፍሳቸውን ይማር እላለሁ። የአመዱን ነገር እሳቸውም አያውቁትም፤ ያደረጉት መቀመጥ ብቻ ነው። እኛ ቤት ግን ከእሳቸው በፊት ማንም አልተቀመጠም።

የልጅ ልጄ ይህን ከነገርኩት በኋላ አዲስ ቢላ አግሎ አመድ ውስጥ ከተተ።

«እስኪበርድ ምን ልሥራ፣ እማማ?» አለኝ።

«በር ላይ የቆመውን ደንበኛህን ግባ በለው» አልኩት።