ከወረቀት የተሰረዘችው አሬሮ

ባለፈው ሳምንት ነገሌ ውስጥ በተጠራ የገበሬዎች ስብሰባ ላይ አንዲት ወጣት ባለሙያ ወረቀት አደለችን። «ይህ የአኩሪ አተር ዝርያ ለቆላው ሁሉ ተስማሚ ነው» ይላል። «ሁሉ» የምትለዋን ሳይ ደሜ ፈላ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ደም ግፊቴ የተነሣ መስሎት ውሃ አቀበለኝ።

ለዚህች ቃል እኔም አንድ ጊዜ ፈርሜያለሁ።

የወታደር ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት እዚሁ ነገሌ ጦር ሰፈር ነው። ከግብርና ኮሌጅ እንደወጣሁ ሁለት የአኩሪ አተር ዝርያዎችን ነገሌ፣ ተልተሌና አሬሮ ዘርቼ የትኛው የት እንደሚሻል እንዳይ ተላክሁ። ሰባት ቁጥር የምንለው ረጅምና ቅጠላም ነው፤ ለመድረስ ግን ጊዜ ይፈጃል። ሦስት ቁጥር ድንክ ነው፤ ፍሬው ጥቂት ቢሆንም ቶሎ ይደርሳል።

አሬሮ ላይ መሬት የሰጡን አዴ ሎኮ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ። ቀይ አቧራ ለብሼ ከአይሱዙ ስወርድ «አካም፣ ናጋ?» ብለው ደኅንነቴን ጠይቀው ጢስ ጢስ የሚል ወተት በጮጮ ያቀርቡልኝ ነበር። ያ ጣዕም ዛሬም ምላሴ ላይ አለ።

በዚያ በልግ ነገሌና ተልተሌ በደንብ ዘነበ። አሬሮ ላይ ግን ዝናቡ ቶሎ አቋረጠ። ሰባት ቁጥር አበባውን እንደያዘ ደረቀ፤ ድንኩ ትንሽም ቢሆን አፈራ። አዴ ሎኮ ድንኩን እየዳሰሱ፣ «ይሄኛው የኛን ሰማይ ያውቃል፣ ልጄ። ያኛው ዝናብ ይጠብቃል፤ እዚህ ዝናብ ማንንም አይጠብቅም» አሉኝ።

አለቃዬ የሦስቱን ቦታ አማካይ ሊያወጣ ሲቀመጥ የአሬሮን ውጤት አይቶ ፊቱን አጨማደደ። ሙከራው ተበላሽቷል፣ አውጣው አለኝ። ዝናቡ ስለቀረ ነው ብዬ ብነግረው፣ «እኮ፣ ስለዚህ አይቆጠርም» ብሎ ራሱ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። የቀሩት ሁለቱ ለሰባት ቁጥር አደሉ፤ «ለቆላው ሁሉ» ተብሎ ተጻፈ። እኔም ፈረምሁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። ልጅ ነበርሁ እያልሁ ስንት ዓመት ራሴን አባበልሁ! ልጅ አልነበርሁም፤ ፈሪ ነበርሁ።

እህሉ ምንም አልበደለም፤ ሰባት ቁጥር ተልተሌ ላይ ጎበዝ ነበር። የበደልነው እኛ ነን።

በዓመቱ ሰባት ቁጥር በጆንያ ተጭኖ አሬሮ ገባ። አዴ ሎኮ አመንትተው ነበር አሉ፤ የእኔን ፊርማ ሲያሳዩአቸው ግን ልጄ ካለ ብለው የበቆሎ መሬታቸውን በሙሉ ዘሩበት። ዝናቡ እንደ ልማዱ ጥሏቸው ሄደ። ስደርስ ወገቤ ድረስ የሚደርስ ደረቅ ተክል ቆሟል፤ አንድ ፍሬ የለውም። ወተት አልቀረበም፤ ላሞቹ ለእህል መግዣ ተሸጠዋል። «ናጋ?» የሚለኝም የለም።

«አይተህ ነበር እኮ» ብቻ አሉኝ።

ስብሰባው ላይ እጄን አነሣሁና ልጅቷን ይህ ዝርያ ያላፈራው የት እንደሆነ ጠየቅኋት። ወረቀቷን አገላበጠች።

«እሱ እዚህ ላይ አልተካተተም፣ አባባ» አለችኝ።

ሂጂና አካትተሽው ተመለሺ አልኋት፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ ደነገጠች፤ በእሷ የተቆጣሁ መሰላት። እሷን ምን አድርጋኝ? እሷ አላየችም። ያየሁት እኔ ነኝ።