አሥራ ሦስተኛዋ እንቁላል

የልጅ ልጄ የመማሪያ ክፍል በር ላይ ስደርስ ሽታው ቀድሞ ያዘኝ፤ የሞቀ ጭድ፣ የዶሮ ኩስ፣ የጠመኔ ብናኝ። ጥግ ላይ አምፖል የበራበት የካርቶን ሳጥን አለ፤ ውስጡ ቁጥር የተጻፈበት እንቁላል ተደርድሯል። በሩን ይዤ ቆምኩ። እርጅና አይደለም። የቆየ ፍርሃት ነው።

አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት በምትባልበት ዘመን ሦስተኛ ክፍል ያስተማረችን እትዬ አጸደ ነበረች። ሰው ሁሉ አንቱ ይላት ነበር፤ እኔ እዚህ ላይ ትቼዋለሁ። ሹራቧ ናፍታሊን ይሸታል፣ ጫማዋ የወለሉን ጣውላ ያስጮኸዋል። ስለ ሕይወት ዑደት ልታስተምረን አንዲት ገብስማ ዶሮ በቅርጫት አምጥታ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር አሥራ ሦስት እንቁላል አስታቀፈቻት። በየእንቁላሉ ላይም በእርሳስ ቁጥር ጻፈች።

«የነካ አባቱን ይዞ ይመጣል» አለች።

አባቴ ደግሞ አስቀድሞ አስጠንቅቆኛል፤ «ከትምህርት ቤት አንዲት ስሞታ ከመጣች፣ ሸነን ገጠር፣ አክስትሽ ዘንድ ሄደሽ ጥጃ ትጠብቂያለሽ።» ታላቅ እህቴን እንዲሁ ብሎ ልኳት ወደ ትምህርት አልተመለሰችም።

በአራተኛው ቀን ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ እኔ ቀረሁ። የጫጩት ድምፅ እሰማለሁ ብዬ እጄን ከዶሮዋ ሆድ ሥር ሰደድኩ። ነቆረችኝ። አሥራ ሦስተኛዋን አውጥቼ ጆሮዬ ላይ ወዘወዝኳት፤ ውስጧ ተንቦጫቦጨ። መልሼ ካስገባኋት በኋላ ነው የእናቴ ቃል ትዝ ያለኝ፦ የተናጠ እንቁላል ጫጩት አይሆንም።

ከዚያ ወዲያ እትዬ አጸደ ሰሌዳው ላይ ዶሮዋ ከታቀፈች ስንት ቀን እንደሆናት በጻፈች ቁጥር የሸነን መንገድ ይታየኛል።

«አንቺ፣ ወባ ይዞሻል እንዴ?» ትለኛለች አጠገቤ የምትቀመጠው ጫልቱ። «ዴስኩን እኮ አንቀጠቀጥሽው!»



በሃያ አንደኛው ቀን አሥራ ሁለቱ ተፈለፈሉ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። እትዬ አጸደ የቀረችዋን ስታነሳ እኔም ተነስቼ ቆምኩ።

«እኔ ነኝ። ወዝውዣታለሁ።»

«ተቀመጪ። ከመጀመሪያውም ባዶ ናት። በሰባተኛው ቀን በባትሪ ብርሃን አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላወጧትም?» አለች ጫልቱ።

«አሥራ ሁለት ሊሆን? እንቁላል በጎዶሎ ቁጥር ነው የሚታቀፈው!»

ይህን የምትለው የሳይንስ አስተማሪያችን ናት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ስትነኪያት በመስኮት አይቼሻለሁ። ትንሽ ብትፈሪ አይጎዳሽም ብዬ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። ትንሽ አለችው! ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ በአንድ ቃል ልታሳርፈኝ ትችል ነበር። ሞታለች፤ ነፍስ ይማር ብያለሁ። እሷም ከእኔ ከዚያ በላይ አትጠብቅ።

አሁን፣ በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ የልጅ ልጄ ሲፈን ቀሚሴን ያዘች። በአባቷ ቋንቋ አኮ ነው የምትለኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው።

«አኮ፣» አለች በሹክሹክታ፣ «አራት ቁጥርን ጥያት ነበር። ጭዱ ላይ ነው የወደቀችው። ለቲቸር እንዳትነግሪ።»

እጇ በረዶ ሆኗል። ይህን እጅ አውቀዋለሁ።

መምህሯን አንድ እንቁላል ልይ ብዬ አስፈቀድኩ። የስልኬን መብራት አብርቼ አራት ቁጥርን ብርሃኑ ላይ ያዝኳት። ከእትዬ አጸደ የቀረኝ ይኸው ነው፤ እንቁላል በብርሃን እንደሚታይ። እንደ ቅጠል ጅማት የቀጠነ ቀይ የደም ሥር ተዘርግቷል፤ መሃሉ ላይ አንዲት ነጥብ ትርገበገባለች።

«በሕይወት አለች» አልኳት ሲፈንን ወዲያው።