ልጁን ማን ይዞልዎታል?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ምርጫ ሰሞን፣ ፋሲካ ሊገባ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ረስቼው አላውቅም፤ ባለፈው ሳምንት የተደወለልኝ ስልክ ግን ከነሽታው ከነጫጫታው መለሰልኝ።

ያደግኩት ሸማ ተራ ነው። አባቴ ነጠላና ጋቢ እየሸጠ አሳደገኝ፤ እኔ ጸሐፊ እሆናለሁ ብዬ ከሰፈሩ ወጣሁ። ቢሆንም እግሬ አልተቆረጠም። በተለይ ስብሰባ አለ ከተባለ አልቀርም ነበር። ስብሰባ ወድጄ አይደለም፤ በስብሰባ እያሾፍኩ መጻፍ ስለምወድ ነው።

የዚያን ቀኑ ስብሰባ ለወረዳው ምክር ቤት የሚወዳደር ዕጩ ለመጠቆም የተጠራ ነበር። ቦታው ከሱቆቹ ጀርባ ያለው የድሮው ቀበሌ አዳራሽ፣ ጊዜው ቅዳሜ ከሰዓት። የበዓል ዋዜማ ሳምንት ቅዳሜ ሸማ ተራ ውስጥ መላወሻ የለም። ስለዚህ ነጋዴው ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ወደ ስብሰባው መጥቷል። ከመድረኩ ጀርባ "የሴቶች ተሳትፎ ይጠናከር!" የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ሴቶቹ ውጪ እየሸጡ ነው። ለጽሑፌ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኝም ብዬ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ዘይነባ ነበረች። ለሸማኔዎች ክር የምትሸጥ፣ በእይታ የማውቃት ወጣት ናት። ዓመት ያልሞላው ልጇን ታቅፋለች።

መጀመሪያ አቶ ተፈራ ተጠቆሙ። ብዙ ሱቅ ያላቸው፣ ለሰው ደግ የሆኑ፣ ንግግራቸው የሚያስተኛ ሰው ናቸው። ተጨበጨበ። ቀጥሎ እትዬ አስካለ ከበሩ ላይ ጮኹ። እትዬ አስካለ አዳራሹ በር አጠገብ ነጠላ የሚሸጡ፣ እኔን በልጅነቴ ባጠፋሁ ቁጥር ጆሮዬን ይዘው ቤቴ ያደረሱኝ ሴት ናቸው።

"እኔ ዘይነባን ጠቁሜያለሁ! ልቆይ አልችልም፣ ገበያ አለብኝ!" ብለው ሄዱ።

ሰብሳቢው ዘይነባን ወደ መድረክ ጠሯት። ብድግ ስትል ልጁ ማልቀስ ጀመረ።

"እህቴ፣ ልጁን ውጪ አድርጊልን፤ መደማመጥ አልቻልንም።"

"እሺ፣ ይዤው ልውጣና ልመለስ?"

"ከአዳራሽ የወጣ ተጠቋሚ ይሰረዛል። ደንብ ነው።"

"ታዲያ ራሱ በእግሩ ይውጣ?"

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ግራ ቀኝ አየችና ልጁን እኔ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"ጋሼ፣ አንዴ ይያዙልኝ። ስሙ ነቢል ነው።" መልሴን አልጠበቀችም።

እኔ አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ነቢልን ይዤ ወጣሁ። ፊቴን ትክ ብሎ አየና ጩኸቱን ጨመረ።

"ኧረ በስመ አብ! ልጅ እንደ ዱባ ነው እንዴ የሚያዘው?" አሉ እትዬ አስካለ። "አምጣው ወዲህ! አንተ ግባና የሚባለውን ስማልኝ፤ ኋላ ትነግረኛለህ።"

እንደዚያ ደስ ብሎኝ የታዘዝኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ስመለስ ዘይነባ እየተናገረች ነበር።

"እዚህ ተራ ያለን ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ አንጠጣም። ጾመኛ ሆነን አይደለም። መጸዳጃ ቤት ስለሌለ ነው። ወንዱ ግድግዳ አያጣም። እኔ ይሄን ልጅ አርግዤ እንኳን ጥሜን ችዬ ነው ክር የሸጥኩት። ብትመርጡኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።"

ለማሾፍ ያወጣሁት እስክሪብቶ እጄ ላይ ቀረ። እናቴ ትዝ አለችኝ። አባቴን ተክታ ሱቅ ስትውል ውሃ ሲሰጧት "ቆይ፣ ቤት ስገባ" ትል ነበር። ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ሳነብ፣ ለምን ቤት እስክትገባ እንደምትቆይ አንድ ቀን እንኳን ጠይቄ አላውቅም።

"ባለቤትሽ ያውቃል?" አለ አንዱ ከመሃል።

"ሹፌር ነው፤ አሁን ጅማ መንገድ ላይ ነው። ያውቃል።"

"ስብሰባ ሲያመሽ ልጁን ማን ሊይዝልሽ ነው?"

ልትመልስ ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። እጄ ባዶ ነው።

"ጋሼ፣ ልጄስ?"

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። "እትዬ አስካለ ጋ ነው" አልኩ፤ ግን እሱን ብዬ ሳልጨርስ ከመድረኩ ወርዳ፣ በአጠገቤ አልፋ ወጥታለች። ተከትያት ሮጥኩ።

እትዬ አስካለ ነጠላ ዘርግተው ከገዢዎች ጋር ይከራከራሉ። ልጁ የለም።

"ሰው ሲበዛብኝ ለጽጌ ሰጠኋት" አሉ፣ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እየጠቆሙ።

ጽጌ ደግሞ ጥልፍ ይዛ ቀና እንኳን ሳትል፣ "ጋሽ ሽኩር ወሰዱት፤ እኔ ጋ መርፌ አለ" አለች።

ዘይነባ ሻርፗ መሬት እየነካ ትሮጣለች። ተሸካሚዎች "መንገድ! መንገድ!" እያሉ ያልፋሉ። በዚያ ግርግር ውስጥ አንድ ሕፃን ቢጠፋ በየት በኩል ይፈለጋል?

ጋሽ ሽኩር ሱቅ በር ላይ አንዲት ገዢ ትነጫነጫለች። "ለምንድነው የማይሸጡልኝ? እኔ የምፈልገው ያንን ከላይ ያለውን ነው!"

"ሌላ ምረጪ እህቴ" አሉ ጋሽ ሽኩር በሹክሹክታ፤ "እሱ ላይ ሰው ተኝቶበታል።"

ነቢል በተደራረበው ጋቢ አናት ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ሽማግሌው እንዳይወድቅ አንድ እጃቸውን ሆዱ ላይ አድርገዋል። ዘይነባ አነሳችው። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ ገዢዋን አየችና ሳቀች።

ስንመለስ ስሟ ተሰርዟል።

"ደንብ ነው እህቴ" አሉ ሰብሳቢው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲናገሩ ወደ ወለሉ ነበር የሚያዩት። ነቢል እቅፏ ውስጥ እንደተኛ ነው። አሁን ማንንም አይረብሽም።

እጄን አወጣሁ። "አቶ ተፈራን አንድ ጥያቄ ልጠይቃቸው። አራት ልጆች እንዳሉዎት አውቃለሁ። አሁን ማን ይዞልዎታል?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ተፈራም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቀልደኛ መሆኔ ስለሚታወቅ መልስ የጠበቀ ሰው አልነበረም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከምሬ ጠይቄ የማውቀው ግን እሱን ብቻ ነው። አቶ ተፈራ ያለ ተፎካካሪ አለፉ።

ውጪ ስንወጣ ዘይነባ፣ "በእርስዎ አልፈርድም ጋሼ" አለችኝ። "ግን ይዘውት በሩ ላይ ቢቆሙልኝ ጥሩ ነበር። ከመድረኩ ሆኜ እያየሁት ቢሆን ኖሮ አልወጣም ነበር።"

ከዚያ ወዲህ ስለ ሴቶችና ፖለቲካ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሥልጠናም ላይ ተጋብዣለሁ። ሴቶች በራስ መተማመን ይጎድላቸዋል ይባላል። ሻይና ኬክ ይቀርባል። እኔ ያየኋት ሴት የጎደላት ለአንድ ሰዓት ልጅ የሚይዝላት ሰው ነው።

ዛሬ ያ ተራ የለም። ሱቆቹ ፈርሰው ባለ መስታወት ሕንጻ ቆሟል። ሕንጻው መጸዳጃ ቤት አለው፤ ሁልጊዜ ተቆልፎ ነው የማየው። ጋሽ ሽኩር አራተኛ ፎቅ ደርሷቸዋል፤ ሊፍቱ ሲበላሽ ቤታቸው ይውላሉ። እትዬ አስካለ አርፈዋል። ድሮ ጥሩ ነበር የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መከራከር ልማዴ ነው፤ ድሮማ እናቴ ተጠምታ ነው የምትውለው። ያ ከእጅ ወደ እጅ የሄደ ልጅ ግን ይናፍቀኛል። አንዳቸውም እኮ የማን ነው ብለው አልጠየቁም።

ባለፈው ሳምንት የደወለችው ዘይነባ ናት።

"ጋሼ፣ ሰኞ እዚያው የድሮው አዳራሽ ጥቆማ አለ። ነቢል ትምህርት ቤት ገብቷል። አሁን ሴት ልጅ አለችኝ፣ ከአራስ ቤት ከወጣሁ ገና ቅርብ ጊዜዬ ነው። ይዘውልኝ በሩ ላይ ይቆማሉ?"

"እቆማለሁ።"

"ለማንም እንዳይሰጡብኝ!" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ፍርሃቱ የመጣብኝ። ብታለቅስብኝ ለማን ልሰጣት? በዚያ በር አጠገብ አሁን ነጠላ የሚሸጥ ሰው የለም።

ቢሆንም ሰኞ እሄዳለሁ። እንደ ዱባም ብይዛት፣ እናቷ ከመድረኩ እስክትወርድ ድረስ ከበሩ አልነቃነቅም።