በባል ስም የተጻፈ መዝገብ

መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ጥያቄ ስህተት ነበር። ካምፓላ ውስጥ፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ ሀዲዱ መንገዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ደርሼ፣ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ እንደተቀመጥኩ የጭነት ባቡር እስኪያልፍ እጠብቅ ነበር። መንገድ ዳር ጃንጥላ ሥር በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት አሮጊት የባቡሩን ጡሩንባ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጂው አዲስ ነው አሉኝ በስዋሂሊ፤ ኩርባው ላይ ሳይደርስ መንፋት ሲገባው ካለፈው በኋላ ነፋ። ሠላሳ ዓመት በዘጋቢነት ሠርቻለሁና እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ማለፍ አልችልም። ባለቤትዎ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

በቆሎውን ገለበጡና፣ "እሱ ስሙን ሰጠ፤ ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ" አሉኝ።

ቦዳውን አሰናብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሙሉውን ለመስማት ግን ከአንድ ወር በላይ ተመላልሻለሁ። ባላቸው የዚያ መሻገሪያ በር ጠባቂ ሆኖ ተቀጥሮ፣ በሩ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ቤት ተሰጠችው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ማየት እንደማይችል ከታወቀ ሥራውም ቤቱም ይሄዳል፤ ልጆቹ ገና ትንንሾች ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሚሽን ትምህርት ቤት ገብተው ማንበብና መጻፍ ያውቃሉ። ስለዚህ ከጣቢያው ስልክ ሲደወል የሚያነሱት፣ የብረቱን በር መንገዱ ላይ የሚዘጉት፣ አረንጓዴውን ባንዲራ ይዘው ሀዲዱ ዳር የሚቆሙት፣ ባቡሩ ያለፈበትን ሰዓት መዝገብ ላይ የሚጽፉት እሳቸው ሆኑ። ከሰዓቱ ጎን የባላቸውን ስም ይፈርማሉ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠሩ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ባልየው ኮፍያውን አድርጎ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ እሳቸው ጓዳ ገብተው ማቶኬ የሚሉትን የወጥ ሙዝ ይልጣሉ።

ተቆጣጣሪው አንድም ቀን አልጠረጠረም ወይ አልኳቸው።

"ጎበዝ ሰው ነበር" አሉ እየሳቁ። "ማየት የማይፈልገውን አያይም። ከባሌ የባሰው ዕውር እሱ ነበር።"

እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግሁት። ባቡር ጣቢያው ከቤታችን ሩቅ አልነበረም። ፉርጎ የሚያጥቡ ሴቶች እንደነበሩ ትዝ ይለኛል፤ ባልዲያቸውን፣ እስከ ጉልበት የተጠቀለለ ቀሚሳቸውን አስታውሳለሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ግን ስለ እነሱ አንድ መስመር አልጻፍኩም። በቆሎ የሚጠብሱት ሴትዮ ይህን ሳያውቁ አስታወሱኝ፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ነገሩን እንዲህ የያዝኩት።

አምኛቸዋለሁ። አመንኩ ብዬ ብቻ የጻፍኩት ዜና ግን የለኝም። ጠይቄ ጠይቄ ኪቡሊ ኮረብታ ሥር የሚኖር አንድ ጡረተኛ የባቡር ጸሐፊ አገኘሁ። ቢሮ ሲጸዳ ሊጣሉ የነበሩ ሦስት የበር መዝገቦች አልጋው ሥር አስቀምጦ ኖሯል። ቀጥሎ አንድ ጡረተኛ የባቡር ነጂ አገኘሁ፤ እሱም በዚያ በር ባንዲራ የያዘ ወንድ አይቼ አላውቅም አለኝ። በመጨረሻ መዝገቡን ሳላሳያቸው፣ አሮጊቷ በባዶ ወረቀት ላይ የባላቸውን ስምና ጥቂት ሰዓቶች እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። ሰባት ቁጥርን ወገቡ ላይ ሰረዝ ያደርጉበታል። የስሙን የመጨረሻ ፊደል ወደ ታች ጎትተው ወደ ግራ ያጥፉታል። መዝገቡን ከፈትነው። ሰባቱም ፊደሉም ገጽ በገጽ እንደዚያው ነው።

"ፈተና ነበር እንዴ?" አሉኝ ያን ጊዜ። "እንዳለፍኩ ንገረኝ እንጂ።"

በዚያ ቀን ብቻዬን አልነበርኩም። ፎቶ የምታነሳው ሥራውን ያስተማርኳት ልጅ ነበረች። ልጅ እላታለሁ እንጂ አርባ ሊሞላት ነው። እንደ እኔው ከአገር ተሰድዳ ካምፓላ ስትገባ የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ቡኮቶ ሰፈር በነበረችኝ ጠባብ ቤት ውስጥ ዜና አጻጻፍ አስተማርኳት፤ የጻፈችውን በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝባት ትስቅ ነበር እንጂ አትቆጣም። በኋላ አንድ ድርጅት ውስጥ ጥሩ ሥራ አገኘች። ድርጅቱ ስለ ባቡሩ ታሪክ ኤግዚቢሽን ሊከፍት መሆኑን ነግራኝ፣ የሰበሰብኩትን ሁሉ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ማስታወሻ ደብተሬን ለፖሊስም ለአዘጋጅም ሰጥቼ አላውቅም። ለእሷ ሰጠኋት። አሮጊቷም ባንዲራ ይዘው የተነሱትን አንዲት የወጣትነት ፎቶ ከሳጥናቸው አውጥተው ጨመሩልን። ከፎቶው ሥር ስማቸውና "የመሻገሪያ በር ጠባቂ" የሚል ይጻፋል ብላ ልጅቷ ቃል ገባችልኝ። ቃሉን ለአሮጊቷ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ማኅበር ሁሉ ነገሩ። የገዛ ልጆቻቸው እንኳ በሩን አባታችን ጠበቀ እያሉ ነው ያደጉት። ገንዘብ አልጠየቁም፣ ሌላም ነገር አልጠየቁም። ስማቸው ከሥራቸው ጋር ተጽፎ አንድ ጊዜ እንዲያዩት ብቻ ነው የፈለጉት። "ከሞትኩ በኋላ አትጻፉልኝ" አሉኝ። "ቆሜ ላንብበው።"

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አሮጊቷ ትከሻው ሾል ያለውን ጎሜሲ የሚባል የአገራቸውን የክት ቀሚስ ለብሰው፣ ወገባቸውን በሰፊው መቀነት አስረው፣ ከትልቁ ልጃቸውና ከአምስት የማኅበር ጓደኞቻቸው ጋር መጡ። መኪና የላከችላቸው ልጅቷ ናት። ፎቶው ትልቅ ሆኖ ግድግዳው መሐል ተሰቅሏል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ "የበር ጠባቂ ሚስት፣ ባሏን በሥራ ስታግዝ" ይላል። ስም የለም። ዝቅ ብሎ መዝገቡ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተከፍቷል፤ የባልየው ስም በትልቁ ታትሞ "የአንድ ታማኝ ሠራተኛ የእጅ ጽሑፍ" ተብሏል።

ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጓደኞቻቸውም ከኋላቸው ቆመው አነበቡ። አንዷ በሉጋንዳ ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር አለች። ትልቁ ልጅ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋው ሰው፣ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ስም በስልኩ ፎቶ አነሳ።

ልጅቷን ከአዳራሹ ኋላ፣ የሶዳ ሣጥኖች የተደረደሩበት ኮሪደር ውስጥ አገኘኋት። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። አዳራሹን የፈቀዱት የባቡር መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጽሑፎቹን አስቀድመው እንዳዩ ነገረችኝ። ያልተቀጠረ ሰው አሥራ አንድ ዓመት በሩን ይዞ ነበር የሚል ነገር አይለጠፍም፤ ወይ ይስተካከል ወይ ፎቶው ይውረድ ብለዋል። ከሚወርድ ይሻላል ብላ አስተካከለችው።

"ደግሞ ጋሼ፣ መዝገቡ ላይ ያለው የእሳቸው ስም አይደለም" አለች። "ወረቀትና ሰው ሲለያዩ ወረቀቱን ያዢ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

"ሲጽፉ አጠገባቸው ነበርሽ። ፎቶውን ያነሳሽው አንቺ ነሽ።"

"ነበርኩ።"

"መቼ ነው የተቀየረው?"

"ከአሥር ቀን በፊት።"

በእነዚያ አሥር ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደውላልኛለች። ሐሙስ ዕለት የደወለችው እግራቸውን ስለሚያማቸው መኪና ልላክላቸው ወይ ልትለኝ ነበር። አመስግኛታለሁ። አሳቢ ልጅ ናት ብዬ ለአሮጊቷም ነግሬያቸዋለሁ።

"መኪና ልላክ ወይ ስትዪኝ ይህን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።" ዓይኗን አልሰበረችም። "ብነግርዎት አያመጧቸውማ።"

በሥራዬ ብዙ ሰው ዋሽቶኛል። የባለሥልጣንን ውሸት መዝግቤ ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ አልቀየምም። ይህች ልጅ ግን አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገረችኝም። ያስተማርኳትን አንድ በአንድ፣ በትክክል ተጠቅማበታለች። በሳምንቱ ማስታወሻ ደብተሬን በፖስታ አሽጋ በሾፌር እጅ ላከችልኝ። ቆጠርኩት፤ አንድም ገጽ አልጎደለም። በዓል በመጣ ቁጥር የመልካም ምኞት መልእክት ትልክልኛለች። መልሼላት አላውቅም።

ቅዳሜ ዕለት አሮጊቷን ወደ ቤታቸው አደረስኳቸው። እኔ በዚያው ምሽት መጻፍ ጀመርኩ። መዝገቡ፣ ጸሐፊው፣ ባቡር ነጂው፣ ሰረዝ ያለበት ሰባት ቁጥር፣ ሁሉም ገባ። ስማቸውን በየአንቀጹ አስገባሁ። ላፕቶፔን ይዤ ወደ እሳቸው የሄድኩት ማክሰኞ ነበር፤ ሰኞን ቀኖቹንና ሰዓቶቹን በስልኬ ካነሳኋቸው የመዝገቡ ገጾች ጋር እንደገና ሳመሳክር ዋልኩ። በአንድ ቀን የሚስተካከል ነገር መስሎኝ ነበር።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ "ስሜን ሰርዘው" አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ፣ ባልሽን ማገዝሽ ምን ያሳፍራል፣ ለምን ሌላ ነገር ነገርሽን ብላ በሰው ፊት ጠይቃቸዋለች። ትልቁ ልጃቸው ደግሞ ከመስታወቱ ላይ ያነሳውን ፎቶ አሳጥቦ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል። አሁን ጋዜጣ ላይ ብወጣ አባቴን አጭበርባሪ አደረግሽው ይለኛል አሉ፤ የልጅ ልጆቼንም አያመጣልኝም። መዝገብ አለኝ አልኳቸው። ሁለት ምስክር አለኝ፣ የእጅ ጽሑፍዎ አለኝ። አውቃለሁ አሉ፤ የጻፍኩት እኔ አይደለሁ?

ያኔ ስለ ልጅቷ መናገር ጀመርኩ። ያመንኳት ሰው እንደካደችኝ፣ እኔም እንደ እሳቸው እንደተታለልኩ ልነግራቸው ነበር። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

"ያቺን ልጅ እኔ አላውቃትም" አሉ። "የማውቀው አንተን ነው።"

አዘጋጄ ስም የሌለውን ጽሑፍ እንደማይቀበል አውቃለሁ፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አልቀበልም። ቢሆንም ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስማቸውን ከየአንቀጹ ማጥፋት ጀመርኩ፤ የባላቸውን፣ የልጃቸውን፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ስምም ጨምሬ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀመጡና፣ ስጨርስ ከላይ እስከ ታች በዝግታ አነበቡት። ከታች፣ ከጽሑፉ ጋር ከሚወጣው ፎቶ መግለጫ ላይ፣ ሳላጠፋው ያመለጠኝ አንድ ስማቸው ነበር። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው እስካጠፋው ድረስ ጠበቁ።