በአባቴ ወጥ ውስጥ የጨመርኩት ቅጠል

አንዲት ተማሪዬ ለባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ከቆላ ዘመዶቿ ያስመጣችውን ተክል በፌስታል ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ቋጠሮውን ስፈታው ሽታው ቀድሞ ወጣ፤ የረጠበ አመድና የፍየል በረት ሽታ። ቅጠሉ አጭርና ወፍራም ነው፣ አረንጓዴነቱ ላይ ግራጫ ያጠላበት። በጥፍሬ ጫን ሳደርገው ውሃ አወጣ። ምላሴ ላይ ማድረግ አላስፈለገኝም።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ይበላል» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳትና ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ። የትምህርት ቤታችን አጥር ከመንገዱ የተጠጋ ነው። በዚያ ሰዓት ከሚሴ ባጃጅ በባጃጅ ስለሆነች ጥሩምባው ለቅሶዬን ሸፈነልኝ። ለምን እንዳለቀስኩ እስካሁን ከእናቴ በቀር ለማንም ዘርዝሬ አልተናገርኩም፤ ዛሬ ልንገራችሁ።

ያኔ ባቲ ነበርን፤ አስረኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከገበያው ዳር፣ ቆርቆሮ በለበሰች በረንዳ ስር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናውን ይረግጥ ነበር። የመርገጫውን ድምፅ ከቤት ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ሲቋረጥ ወይ ክር እየቀየረ ነው፣ ወይ ሰላት ደርሷል። በዚያ ዓመት ግን ድምፁ ያለ ምክንያት ይቆም ጀመር። ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑ ይጭበረበርበታል። ከሚሴ ወስደን አስመረመርነው። ደም ግፊቱ ኩላሊቱን ነክቶታል ተባልን።

ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ጎበዝ ተማሪ ትመስያለሽ። ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው። ጨው እቤት አይግባ» አለኝ። እናቴ እዚያው ቆማ ሳለ ለእኔ ነገረኝ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ቤት ገብተን ሳላርፍ ያለውን ጨው ጠራርጌ ለጎረቤታችን ሰጠሁ። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸው ስለተፈጩ እነሱንም አስከተልኳቸው። እናቴ «ያመት በርበሬዬን» ብላ ልታለቅስ ደረሰች፤ ቢሆንም ያለ ጨው ሌላ አዘጋጀች። ሦስታችንም ጨው የሌለው እንበላ ጀመር። እኔ ያኔ ክፉ ነበርኩ፤ አባቴ ጎረቤት ተጠርቶ ቢሄድ እንኳ ተከትዬ ሄጄ የሚቀርብለትን እቀምስ ነበር።

«ኢንታላ ኮ» ይለኝ ነበር፣ ልጄ ማለቱ ነው። «ሶጊዳ ከሌለው እኮ እርጥብ ወረቀት መብላት ነው።» ሶጊዳ የሚለው ጨውን ነው። መጀመሪያ እየሳቀ ነበር የሚለው። በኋላ ሳቁም ቀረ። ሁለት ሦስት ጉርሻ ይበላና «በቃኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሳህኑን ይገፋል። በአንድ ወር ውስጥ ሱሪውን ወገቡ ላይ ሁለት ጊዜ በራሱ መኪና አጠበበው። እናቴ ለብቻዋ ስትሆን «በሽታው ሳይገድለው ረሃቡ ሊገድለው ነው» ትል ነበር። እየሰማሁ እንዳልሰማ አልፋታለሁ። ሌት ተቀን የማስበው ግን ስለ ሌላ ነገር አልነበረም። አባቴ እንዲበላልኝ ነበር የምፈልገው።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ወተት የምታመጣልን አንዲት የአፋር ሴት ነበረች፤ የገበያ ኦሮምኛ ታውቃለች። አንድ ሰኞ ወተቱን እየቀዳችልኝ «ምግብ የጠላ ሰው ቤት አለብኝ። በእናንተ አገር ወጥ የሚያጣፍጥ ቅጠል የለም?» ብዬ ጠየቅኳት። አባቴ ምን እንዳመመው አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። በሚቀጥለው ሰኞ ያን ግራጫ ቅጠል በጨርቅ ቋጥራ አመጣችልኝ። መሬቱ ነጭ በሆነበት፣ ሌላ ሣር በማይበቅልበት ቦታ ይበቅላል አለችኝ። «ፍየሎቻችን ይህን ከበሉ ሶጊዳ አይጠይቁም።» ገንዘብ ስሰጣት እጄን መለሰችው።

እዚያው ቀመስኩት። ጨው ጨው ይላል። ምላሴ ያለ ማወላወል ነግሮኛል፣ ይህን አልክድም። ለእኔ ግን ጨው ማለት ነጭ ነው፤ ከሱቅ ይገዛል፣ ወይ ተቆርጦ በግመል ይመጣል። ይሄ አረንጓዴ ነው፣ ሥር አለው፣ ያድጋል። ሐኪሙ ጨው አለ እንጂ ቅጠል አላለም። ፈተና ላይ ሌላው ያላየውን መልስ እንዳገኘ ተማሪ እየዘለልኩ ቤት ገባሁ።

ከሽንኩርቱ ጋር አድቅቄ ከትፌ ምስር ወጥ ሠራሁበት። አባቴ አንዴ ጎረሰና ማላመጡን አቆመ።

«ሶጊዳ ጨመርሽ እንዴ?»

«ወሏሂ አልጨመርኩም አባ። ቅጠል ነው።»

«ቅጠል» አለና ደግሞ ጎረሰ። ሳህኑን በጣቱ እስኪጠርግ በላ። እናቴ ዕንባዋን እንዳናይ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አግኝቻለሁ፣ ተመርቄያለሁ፣ ወልጃለሁ፤ የዚያን ቀን ዓይነት ደስታ ግን አላገኘሁም።

ሴትየዋ ሰኞ ሰኞ አዲስ ቅጠል ታመጣልኛለች፤ የተረፈውን አደርቀዋለሁ። አባቴ ይበላል። ፊቱ ሞላ። ጎረቤቶቻችን «ማሻአላህ፣ ሰው መሰልክ» ይሉት ነበር። ያጠበበውን ሱሪ መልሶ አሰፋው። ጫማው ጠበበኝ ብሎ በሸበጥ ይሠራ ጀመር፣ ኋላ በባዶ እግሩ። እግሩ ሲያብጥ ወፈረ እንል ነበር። የስፌት መኪናው ድምፅ በየመካከሉ እየተቋረጠ ሲመጣ፣ ሰው በዝቶበት ጨዋታ ይዞ ነው ብዬ ለራሴ እነግረው ነበር።

ወደ ሦስተኛው ወር ግድም ትንፋሽ አጠረው፤ እሱና እኔ ወደ ከሚሴ ተመለስን። ያው ሐኪም የአባቴን ቅልጥም በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሲለቀው ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«አባባ፣ ጨው እየበሉ ነው።»

«ወሏሂ አልበላሁም። እቺ ልጄ እንደ ፖሊስ ነው የምትጠብቀኝ።»

«አባባ፣ ሰውነትዎ ይናገራል እኮ።»

አባቴ በሕይወቱ በውሸት ምሎ አያውቅም። የሰው ቁራጭ ጨርቅ እንኳ ሳይቀር የሚመልስ ሰው ነበር። እኔ ፊት፣ ነርሷ ፊት፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት ውሸታም ሆነ። ሐኪሙ ክፉ አልተናገረውም፤ መድኃኒቱን ጨመረለትና እንዲተኛ ነገረው። አባቴ እምቢ አለ። የሚያምኑት ሰዎች ያሉበት ቤት መተኛት እንደሚሻለው ተናግሮ ወጣ።

ሚኒባሱ ውስጥ ኮምቦልቻ ስንደርስ ቀስ ብሎ «አንቺ ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ።

«አውቃለሁ አባ።»

በሐኪሙ ተናድጄ ነበር። አባቴን የማጽናናበት ሌላ ነገር ስላልነበረኝ በዚያ ምሽት ወጡ ላይ ቅጠሉን ከወትሮው አብዝቼ ጨመርኩለት። በልቶ መረቀኝ።

ዐሥር ቀን አልቆየም። በዙሁርና በዐስር ሰላት መካከል በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ አየር አጠረው፤ ሰዎች ተሸክመው ቤት ሲያስገቡት ምላሱ ተሳስሯል። ጀምበር ሳትጠልቅ ተቀበረ። አንድ እጅጌው ያልተገጠመለት የሰው ሸሚዝ መኪናው ላይ ቀረ፤ እናቴ እጅጌውን በእጇ ሰፍታ ለባለቤቱ ሰጠችው።

ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው ያወቅሁት። መምህራችን ስለ ጨዋማ አፈር ተክሎች ያስተምር ነበር። ሌላው ተክል በሚሞትበት መሬት እንዴት እንደሚኖሩ ሲያብራራ፣ አንዳንዶቹ ጨውን በሥራቸው ስበው ቅጠላቸው ውስጥ ያከማቹታል አለ። ቅጠላቸው የሚወፍረውም ጨዉን የሚያለዝብ ውሃ ስለሚይዙ ነው። ሰሌዳው ላይ ሲስለው ከሥሩ በፊት ቅጠሉን ነው ያወቅሁት። እጄን አወጣሁ።

«ሲበስል ጨዉ ይጠፋል?»

«የት ይሄዳል? ወጡ ውስጥ ነው» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ፈተናው ላይ ያቺን ጥያቄ አገኘኋት። ሙሉ ነጥብ አመጣሁ። ከዚያ በኋላ መምህር ሆኜ ያን ምዕራፍ ዓመት በዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ምሳሌ ስሰጥ ግን ሁልጊዜ የሩቅ አገር ባሕር ዳርቻ ነው የምጠራው። አፋርን አልጠራም። በዚህ ዓመት ነው ተማሪዬ ያመጣችው።

በሳምንቱ ባቲ ወረድኩ። እናቴ ሰፌድ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሴትየዋን፣ ቅጠሉን፣ መምህሩን፣ አብዝቼ የጨመርኩበትን ምሽት። ጣቶቿ ምስሩ ላይ ቆሙ፣ ትንሽ ቆይተው እንደገና መልቀም ጀመሩ።

«እኔም እጨምርለት ነበር» አለች።

«ምን?»

«ሶጊዳ። አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ። ከጎረቤት ትንሽ ተቀብዬ በሻሼ ጫፍ እቋጥር ነበር። አንቺ ብቻ አይደለሽም።»

ያኔ ጓዳውን፣ ዕቃውን፣ ልብሷን ሳይቀር እፈትሽ ነበር፤ ሻሿን የማጥብላትም እኔ ነበርኩ። እናቴ ደግሞ እንደ አባቴ ናት፣ በሐሰት አትምልም።

«ወሏሂ በይ እማ።»

አልማለችልኝም። ሰፌዱን በመካከላችን አስተካክላ አስቀመጠችና ግማሹን ምስር ወደ እኔ ገፋችው።

«ልቀሚልኝ፣ ዓይኔ አያይልኝም» አለች። ተቀብያት መልቀም ጀመርኩ።